ለትንሽ የሊኑክስ ፋየርዎል ማንም ሰው የሚገባው ማዋቀሪያ እንዴት ይሠራል?

ሁለት የኔትወርክ ቀዳዳ ያለው ትንሽ ኮምፒውተር ካላችሁ፣ ሊኑክስ ጭናችሁበት ለክሊኒክ፣ ለትምህርት ቤት ወይም ለኢንተርኔት ካፌ የሚበቃ ፋየርዎል ይወጣዋል። ደንቡን መጻፍ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከባዱ ነገር የሚጀምረው እናንተ ሥራውን ጨርሳችሁ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። የኢንተርኔት መስመሩ ይቀየራል። አዲስ ካሜራ ይገጠማል። መብራት ይሄድና ይመጣል። ያን ጊዜ ሳጥኑ ፊት የምትቆመው የሒሳብ ሠራተኛዋ ናት። እሷ ደግሞ ንዑስ ኔትወርክ ምን እንደሆነ የማወቅ ግዴታ የለባትም።

ይህ መመሪያ ሊኑክስ ለሚያውቅና በባሽ ወይም በፓይተን ትንሽ ኮድ መጻፍ ለሚችል ሰው ነው። መነሻዬ ዴቢያን ነው። ደንቡን የሚጭነው ኤንኤፍቴብልስ ነው፤ ከዴቢያን 10 ጀምሮ ነባሪው እሱ ሆኗል። ሌላ ዲስትሮ ብትጠቀሙም ሐሳቡ አይለወጥም። ሰውየውን የሚያውቀውን ብቻ ጠይቁት። ሌላውን ማሽኑ ራሱ ይወቅ። ሰውየው ቢሳሳት ደግሞ ነገሩ በራሱ ወደ ነበረበት ይመለስ።

የሊኑክስ የፋየርዎል ቋንቋ በየጊዜው ተቀይሯል። በከርነል 2.0 ዘመን አይፒኤፍደብሊውአድም ነበር። በ2.2 አይፒቼይንስ መጣ። እ.ኤ.አ. በ2001 ከወጣው 2.4 ጋር አይፒቴብልስ ቦታውን ያዘ። እ.ኤ.አ. በ2014 ከወጣው 3.13 ጀምሮ ኤንኤፍቴብልስ ከርነሉ ውስጥ ገባ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የተጠቃሚው ፍላጎት ንቅንቅ አላለም፦ ውስጥ ያሉት ይውጡ፣ ውጭ ያሉት አይግቡ። ስለዚህ ማዋቀሪያችሁ የደንቡን ቋንቋ ሳይሆን የሰውየውን ፍላጎት ይከተል።

ደረጃ 1፦ ማን ለምን እንደሚነካው ወረቀት ላይ ጻፉ

ኮድ አትጀምሩ። መጀመሪያ ማን እንደሚጠቀመውና ምን ሊሠራ እንደሚመጣ ጻፉ። ለአንድ ትንሽ ክሊኒክ ሥራዎቹ አራት ናቸው እንበል። ኢንተርኔት ማስጀመር፣ የእንግዳ ዋይፋይን ከመዝገብ ክፍሉ ኮምፒውተሮች መለየት፣ ካሜራውን ከቤት ሆኖ ማየት፣ ፓስወርድ መቀየር። በቃ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አራት ነገር ይታይ፣ አምስተኛ አይጨመር።

ሌላውን የሚፈልግ ባለሙያ በኤስኤስኤች ገብቶ ይሥራ። «ለባለሙያዎች» የሚል ቁልፍ ሥር ሃያ ምርጫ መደበቅ መፍትሔ አይመስለኝም። ሰው ኢንተርኔት ሲቋረጥበትና አለቃው ጀርባው ላይ ሲቆም ያገኘውን ቁልፍ ሁሉ ይጫናል። የማይነካው ነገር ካለ አታሳዩት።

የካሜራውን ነገር ለብቻው ላንሳው። ብዙ ሰው የሚጠይቀው «ፖርት ክፈቱልኝ» ብሎ ነው። ፍላጎቱ ግን ፖርት መክፈት አይደለም፤ ካሜራውን ማየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቦትኔት (የተጠለፉ መሣሪያዎች መረብ) የተስፋፋው ከኢንተርኔት በቀጥታ በሚደረስባቸው፣ ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ባልተቀየረ ካሜራዎችና መቅጃዎች ላይ ነው። ስለዚህ ማዋቀሪያችሁ ላይ «ካሜራዬን ከውጭ ልይ» የሚል ምርጫ አድርጉና ከኋላው ዋየርጋርድ የተባለው የተመሰጠረ የግል መስመር (ቪፒኤን) ይነሳ። ዋየርጋርድ ከ5.6 ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ አለ። ማዋቀሪያው ቁልፎቹን ፈጥሮ ስክሪኑ ላይ የኪውአር ኮድ ያሳይ። ሰውየው ዋየርጋርድ አፕ በተጫነበት ስልኩ ስካን ያደርጋል። ተርሚናል ላይ ብቻ የምትሠሩ ከሆነ ኪውአርኤንኮድ የምትባለው ፕሮግራም ኮዱን በፊደል ቅርጽ ትስለዋለች። ተጠቃሚው የጠየቀውን አገኘ፣ ለዓለም የተከፈተ የካሜራ ፖርት ግን የለም።

ደረጃ 2፦ ጥያቄዎቹን ቁረጡ

የተለመደ ማዋቀሪያ ውሰዱና ጥያቄዎቹን ቁጠሩ። አይፒ አድራሻ፣ ኔትማስክ፣ ጌትዌይ፣ ሁለት ዲኤንኤስ፣ ኤምቲዩ (የፓኬት ትልቁ መጠን)፣ «ናት» የሚባለው አድራሻ መቀየሪያ ይብራ ወይስ ይጥፋ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ከነዚህ አንዱንም አታውቅም። የምታውቀው ኢንተርኔት የሚያመጣው ኬብል የትኛው እንደሆነ፣ ከድርጅቱ የተሰጣት የመስመሩ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የት እንደተቀመጠ፣ ዋይፋዩ ምን ተብሎ እንዲጠራ እንደምትፈልግ ነው። ጥያቄዎቻችሁ እነዚህ ይሁኑ።

የቀረውን ማሽኑ ይፈልግ። ኬብሉ እንደተሰካ በዲኤችሲፒ አድራሻ ይጠይቅ። ጎን ለጎን ፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና በፓስወርድ የሚከፈት የመስመር ዓይነት) የሚመልስ ሰርቨር መኖሩን ይፈትሽ። ለዚህ ከፒፒፒ ፓኬጅ ጋር የምትመጣ ፒፒፒኦኢ-ዲስከቨሪ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም አለች። ሰላምታ ትልካለች፣ ከወዲያ መልስ ከመጣ መስመሩ ፒፒፒኦኢ ነው። ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚጠይቀው ገጽ መምጣት ያለበት ያኔ ብቻ ነው። ዲኤችሲፒ ከመለሰ ግን ያንን ገጽ ጨርሶ አታሳዩ።

ፒፒፒኦኢ ከሆነ ኤምቲዩው ከ1500 ወደ 1492 ይወርዳል፤ 8 ባይት ለራሱ ይወስዳል። ይህን ለማንም አትንገሩ፣ ዝም ብላችሁ አስተካክሉት። የቲሲፒውን ትልቁን የፓኬት መጠን የሚቀንሰውን ደንብም አብራችሁ አስገቡ። ይህ ሲረሳ አንዳንድ ድረ ገጽ ይከፈታል፣ አንዳንዱ እየተሽከረከረ ይቀራል። ተጠቃሚው ደግሞ «ኢንተርኔቱ ግማሽ ነው» ብሎ ይደውላል። ልክም ነው።

ሁለቱም ካልመለሱ ብቻ የቋሚ አድራሻ ጥያቄ ይምጣ። እዚያም ቢሆን «ከኢንተርኔት አቅራቢዎ በተሰጠዎት ወረቀት ላይ ያሉትን ቁጥሮች ያስገቡ» በሉ። ቁጥሮቹንም ወረቀቱ ላይ በሚገኙበት ቅደም ተከተል ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የትኛው ቀዳዳ የቱ እንደሆነ ማሽኑ ራሱ ይለይ

ብዙ ማዋቀሪያ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ሊኑክስ ቀዳዳዎቹን ኢኤንፒ1ኤስ0፣ ኢኤንፒ2ኤስ0 እያለ ይጠራቸዋል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ደግሞ ሌላ ነው፣ ወይም ምንም አልተጻፈም። ለተጠቃሚ የእነዚህን ስሞች ዝርዝር አቅርቦ «ከነዚህ ይምረጡ» ማለት ዕጣ እንደማስጣል ነው።

እንዲህ አድርጉ። የመጀመሪያው ገጽ «ሁሉንም የኔትወርክ ኬብሎች ከሳጥኑ ይንቀሉ» ይበል። ቀጥሎ «አሁን ከሞደሙ የሚመጣውን ኬብል የፈለጉት ቀዳዳ ላይ ይሰኩ» ይበል። ማሽኑ እያንዳንዱን ቀዳዳ ይከታተል። ከርነሉ ሲስ በተባለው የፋይል ሥርዓት፣ ክላስ ከዚያ ኔት በሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ቀዳዳ ካሪየር የሚባል ፋይል አለው። ኬብል ሲሰካ ከ0 ወደ 1 ይቀየራል። ወደ 1 የተቀየረው ቀዳዳ የኢንተርኔቱ ነው። ቀጥሎ የውስጡን ኬብል በተመሳሳይ መንገድ አሰኩ።

አንድ ወጥመድ አለ። ቀዳዳው ካልተነሳ፣ ማለትም አይፒ ሊንክ በሚለው ትዕዛዝ «አፕ» ካልተደረገ፣ ያንን ፋይል ማንበብ ስህተት ይሰጣል። 0 እንኳ አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ ሁሉንም ቀዳዳዎች አንሡ፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ጠብቁ፣ ከዚያ ማንበብ ጀምሩ። ኬብሉ ሲሰካ ሊንኩ ለአፍታ ሊበራና ሊጠፋም ይችላል። 1 ሆኖ ሦስት ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ ብቻ አገኘሁ በሉ።

የተገኘውን ቀዳዳ በስሙ አትመዝግቡት። በማክ አድራሻው መዝግቡት። ካርድ ሲጨመር ወይም ባዮስ ሲስተካከል ስም ሊለወጥ ይችላል። የውጩና የውስጡ ቀዳዳ ቢቀያየሩ ደግሞ ፋየርዎሉ ተገልብጦ ቆመ ማለት ነው። ማሽኑ ሲነሳ የተመዘገበውን ማክ ካላገኘ ምንም ሳያስተላልፍ ይቁምና «አንድ የኔትወርክ ካርድ ጠፍቷል» ይበል።

ለስያሜ ደግሞ የቀለም ልማድ አለ። የፋየርዎል ዲስትሮዎቹ ስሙዝዎልና ከእሱ የወጣው አይፒኮፕ፣ ዛሬም አይፒፋየር፣ ኢንተርኔቱን ቀይ፣ የውስጡን አረንጓዴ፣ ገመድ አልባውን ሰማያዊ፣ ለውጭ የሚታዩ ሰርቨሮችን ብርቱካናማ ይሏቸዋል። በጣም ጥሩ ልማድ ነው፤ ተጠቀሙበት። ከቀለሙ ጋር ቃሉን ሁልጊዜ ጻፉ፣ ቀይና አረንጓዴ የማይለዩ ብዙ ሰዎች አሉና። ማዋቀሪያው ሲጨርስ «በዚህ ቀዳዳ ላይ ቀይ ስቲከር ይለጥፉ» ይበል። ስቲከሩን ሳጥኑ ውስጥ አብራችሁ ስጡ። ርካሽ ነው፣ ብዙ የስልክ ጥሪም ያስቀራል።

ደረጃ 4፦ የአድራሻ ግጭትን ቀድማችሁ ያዙ

ከሳጥኑ ፊት ብዙ ጊዜ የአቅራቢው ሞደም አለ። ሞደሙ ወደ ውስጥ የሚያድለው 192.168.1 ብሎ የሚጀምር አድራሻ ሊሆን ይችላል። የእናንተም ሳጥን በውስጡ ይህንኑ ካደለ ሁለቱም ወገን አንድ ይሆኑና ምንም አይሠራም። ስህተት የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ማዋቀሪያው መጀመሪያ የውጩን አድራሻ ይወቅ። ከዚያ የማይጋጭ የውስጥ አድራሻ ራሱ ይምረጥ፣ ለምሳሌ 192.168.77.1። በኋላ ሞደሙ ተቀይሮ ግጭት ቢፈጠር እንኳ ሳጥኑ ማየትና መናገር አለበት።

የውጩ አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን በአንድ የሕዝብ አድራሻ ሥር አስቀምጧል ማለት ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት አይቻልም፤ የካሜራው ምርጫም በዚህ መልኩ አይሠራም። ስለዚህ ምርጫውን አደብዝዙትና ምክንያቱን ከሥሩ ጻፉ፦ «መስመርዎ የራሱ የሕዝብ አድራሻ ስለሌለው ከውጭ መግባት አይቻልም። አቅራቢዎን ቋሚ የሕዝብ አይፒ ይጠይቁ።» ሰውየው ግማሽ ቀን ከሚለፋ አንድ መስመር ያንብብ። ሳጥኑ ከሞደም ጀርባ ከሆነና የያዘው የሞደሙ የውስጥ አድራሻ ከሆነም ያው ችግር ስላለ ያንንም ለይታችሁ ንገሩ።

ደረጃ 5፦ አንድ የቅንብር ፋይል፣ ከእሱ የሚወጣ ደንብ

የተጠቃሚው መልሶች በሙሉ አንድ ትንሽ ፋይል ላይ ይቀመጡ። የኤንኤፍቴብልስ ደንብ በሙሉ ሁልጊዜ ከዚያ ፋይል እንደ አዲስ ይፈጠር። ያለው ደንብ ላይ አንድ መስመር መለጠፍና አንድ መስመር መሰረዝ ውስጥ አትግቡ። ከስድስት ወር በኋላ ማንም የማይፈታው ድር ይሆናል።

ደንቡ ከተፈጠረ በኋላ በኤንኤፍቲ ትዕዛዝ፣ በሰረዝ ሲ ምርጫ፣ ሳይጫን ይፈተሽ። ካለፈ በሰረዝ ኤፍ ከፋይሉ ይጫን። ኤንኤፍቴብልስ ፋይሉን እንደ አንድ ጥቅል ነው የሚጭነው። ወይ ሙሉው ይገባል፣ ወይ ምንም አይገባም። ግማሹ ገብቶ ግማሹ የቀረበት ክፍተት የለም። መስመር በመስመር በሚጠራ ስክሪፕት ይህን አታገኙም። በራሳችሁ ስም የተሰየመ ሠንጠረዥ ፍጠሩና እሱን ብቻ ሰርዛችሁ ተኩ። ሁሉንም የሚያጸዳውን ትዕዛዝ ከተጠቀማችሁ ሌላ ፕሮግራም የጻፈውንም ታጠፋላችሁ።

ደንቡ ራሱ አጭር ነው። ወደ ሳጥኑ የሚመጣ ሁሉ በነባሪ ይጣል። ቀድሞ ለተጀመረ ግንኙነት የሚመጣ መልስ ይለፍ። የሳጥኑ የራሱ የውስጥ ንግግር ይለፍ። ከአረንጓዴው በኩል ዲኤንኤስ፣ ዲኤችሲፒና የማዋቀሪያው ገጽ ይፈቀድ። ከእንግዳው በኩል ዲኤንኤስና ዲኤችሲፒ ብቻ። ከቀዩ የማዋቀሪያው ገጽ ፈጽሞ አይታይ፣ የሚያበራ ቁልፍም አይኑረው። ከውጭ ማስተዳደር የሚፈልግ በዋየርጋርድ ይግባ። አይፒ ስሪት 6 ካለ አይሲኤምፒ ስሪት 6ን ጠቅላላ አትዝጉ፤ ጎረቤት ማሽኖች የሚተዋወቁት በእሱ ነውና ከተዘጋ ግንኙነቱ ይሞታል።

አሁን የመብራቱን ነገር። ፋይል በመጻፍ ላይ እያለ መብራት ቢጠፋ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አዲሱን ይዘት በጊዜያዊ ስም ጻፉ፣ ዲስኩ ላይ መድረሱን በኤፍሲንክ አረጋግጡ፣ ከዚያ ስሙን ወደ ዋናው ለውጡት። ስም መለወጥ በአንድ ጊዜ የሚፈጸም ነገር ስለሆነ ወይ አሮጌው አለ ወይ አዲሱ አለ። መብራት በሚመላለስበት አገር ይህን መዝለል አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ሰው ራሱን ውጭ እንዳይቆልፍ

ለእኔ ከሁሉም ደረጃ የሚበልጠው ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ጎዶሎ ቢሆን ይታገሡታል። ቁልፍ ተጭኖ ሳጥኑ የጠፋበት ሰው ግን ሁለተኛ አይነካውም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጁኒፐር ራውተሮች ለውጥ ከተደረገ በኋላ ካልተረጋገጠ በ10 ደቂቃ ውስጥ ወደ ነበረበት የሚመልስ ትዕዛዝ አላቸው። ቫዮስ የተባለው የራውተር ሥርዓትም ተመሳሳይ አለው። የራውተር ሊኑክስ የሆነው የኦፕንደብሊውአርቲ የዌብ ገጽ ሉሲ 90 ሰከንድ ይሰጣል። ከአይፒቴብልስ ጋር የምትመጣው አይፒቴብልስ-አፕላይም ይህንኑ ትሠራለች። እናንተ ከዚህ ያነሰ አትሥሩ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በሥራ ላይ ያለውን ቅንብር አስቀምጡ። ወደ እሱ የሚመልስ ሰዓት ቆጣሪ አስነሱ። ከዚያ አዲሱን ጫኑ። ተጠቃሚው «ይሠራል» ብሎ ካረጋገጠ ቆጣሪው ይሰረዝ። ካላረጋገጠ አሮጌው ይመለስ። ቅደም ተከተሉን አታዛቡ፦ ቆጣሪው ከለውጡ በፊት መነሳት አለበት።

ቆጣሪውን በስክሪፕታችሁ ውስጥ «ይህን ያህል ሰከንድ ተኛ» በሚል አትሥሩት። ተጠቃሚው በኤስኤስኤች ገብቶ ከሆነና ለውጡ ግንኙነቱን ከቆረጠው፣ ስክሪፕቱ ከግንኙነቱ ጋር አብሮ ሊሞት ይችላል። መላሹም አብሮ ሞተ። በሲስተምዲ-ረን ትዕዛዝ ራሱን የቻለ ጊዜያዊ ቆጣሪ አስነሱ። እሱ የማንም መስመር ቢቆረጥ ግድ የለውም።

ሁለተኛው ወጥመድ ረቂቅ ነው። ደንባችሁ ቀድሞ የተጀመረ ግንኙነትን ያሳልፋል ብለናል። እንግዲህ ተጠቃሚው ማዋቀሪያውን የከፈተበት ግንኙነት ቀድሞ የተጀመረ ነው። አዲሱ ደንብ የማዋቀሪያውን በር ቢዘጋም ያ አሮጌ ግንኙነት ይሠራል። ሰውየው «ይሠራል» ይላል። ቆጣሪው ይሰረዛል። ነገ ጠዋት ሲመጣ በሩ ዝግ ነው። ስለዚህ ማረጋገጫው የግድ በአዲስ ግንኙነት ይምጣ። ብራውዘር የተከፈተ ግንኙነትን ደጋግሞ መጠቀም ይወዳል። ሰርቨራችሁ ለውጡን ከተቀበለ በኋላ ግንኙነቱን ራሱ ይዝጋ፣ የማረጋገጫው ገጽም ከዚያ በኋላ የተጀመረ ጥያቄ ካልሆነ አይቀበል። በኤስኤስኤች ከሆነ «ሌላ መስኮት ከፍተው ይግቡና እዚያ ያረጋግጡ» በሉ።

ለውጡ የሳጥኑ የውስጥ አድራሻ ከሆነ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የተጠቃሚው ላፕቶፕ አሮጌውን አድራሻ ይዞ ነው የሚቆየው። ስለዚህ ጊዜውን ወደ 3 ደቂቃ አርዝሙና ስክሪኑ ላይ በትልቁ ጻፉ፦ «ኬብሉን ነቅለው መልሰው ይሰኩ። ከዚያ ብራውዘር ላይ 192.168.77.1 ብለው ይጻፉ። ካልተሳካ ምንም አይንኩ፤ በ3 ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።» የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትዘሉ። የተደናገጠ ሰው ዝም ብሎ እንዲጠብቅ የምታደርገው እሷ ናት።

ያልተረጋገጠ ቅንብር ማሽኑ ሲነሳ የሚነበብበት ቦታ ላይ አይቀመጥ። እንዲህ ከሆነ መብራት ቢጠፋ እንኳ ሳጥኑ የሚነሳው በመጨረሻ በተረጋገጠው ነው።

ደረጃ 7፦ የጽሑፍ ስክሪን ወይስ ዌብ?

ሁለቱም፣ ግን ሥራ ተከፋፍለው። የጽሑፉ ስክሪን ለመጀመሪያው ቀንና ለክፉ ቀን ነው፦ ቀዳዳ መለየት፣ ፓስወርድ ማደስ፣ ወደ መጀመሪያው መመለስ። የዕለት ተዕለቱ ሥራ በዌብ ይሁን።

ለጽሑፉ የጥያቄ መስኮቶችን በጽሑፍ ስክሪን የምታሳየው ዊፕቴይል ትበቃለች፣ ቀላልና በዴቢያን የምትገኝ ናት። መስኮቶቿ 80 ፊደል በ24 መስመር በሆነ ስክሪን ውስጥ እንዲገቡ አድርጉ፣ ብዙ ትንሽ ማሽን ስክሪን የለውምና በሲሪያል ገመድ ነው የሚታየው። የመውጫ ቁጥሮቿን ለዩ። እሺ ሲባል 0፣ ተው ሲባል 1፣ ኢስኬፕ ሲጫን 255 ትመልሳለች። 0 ያልሆነውን ሁሉ «ምንም አልተለወጠም» ብላችሁ ተርጉሙት። ጨንቆት ኢስኬፕ የተጫነ ሰው ምንም እንደፈቀደ መቆጠር የለበትም።

አማርኛውስ? በዌብ ችግር የለም። በጽሑፍ ስክሪንም ይቻላል፦ ዴቢያን ውስጥ ኮንሶል-ሴታፕ ከሚባለው ጋር ጎሃ የተባለ የግዕዝ ፊደል አብሮ ይመጣል። የሊኑክስ ኮንሶል በአንድ ጊዜ ከ512 በላይ ቅርጽ አይዝም፣ ፊደላችን ግን ይገባበታል። በሲሪያል ስትገቡ ፊደሉን የሚያወጣው የእናንተ ላፕቶፕ ስለሆነ ጎሃ አያግዝም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ቋንቋ መምረጥ ይሁን፣ ምርጫውም በቁጥር ይመለስ። አማርኛው ባዶ ካሬ ሆኖ ለታየው ሰው 2ን ተጭኖ ወደ እንግሊዝኛ መሄጃ ይኑረው።

ፓስወርድን በተመለከተ፣ ሁሉም ሳጥን ላይ አንድ ዓይነት ነባሪ ፓስወርድ አታስቀምጡ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 29 ቀን 2024 ጀምሮ ይህን በሕግ ከልክላለች። ማሽኑ መጀመሪያ ሲነሳ የራሱን ይፍጠር፣ በስክሪኑ ያሳይ፣ ሰውየው ጽፎ ካልያዘው እንዳይቀጥል ጥቂት ፊደላቱን መልሶ ያስገባ። ሲፈጠር ዜሮንና ኦን፣ አንድንና ኤልን የሚያምታቱ ምልክቶች ይቅሩ። እነዚህ ትንንሽ ነገሮች ፓስወርዱን በስልክ ለሚነግር ሰው ትልቅ እፎይታ ናቸው።

ደረጃ 8፦ ሲበላሽ የት እንደተበላሸ ይናገር

«ግንኙነት የለም» የሚል መልእክት ለማንም አይጠቅምም። ማሽኑ ከታች ወደ ላይ ይፈትሽ። ቀዩ ቀዳዳ ላይ ኬብል አለ? አድራሻ መጣ? ጌትዌዩ ይመልሳል? በቁጥር አድራሻ ውጭ መድረስ ይቻላል? ስም ወደ ቁጥር ይፈታል? ሰዓቱ ትክክል ነው? መጀመሪያ የወደቀው ላይ ይቁምና ያንን ብቻ ይናገር። ጌትዌዩን በፒንግ ብቻ አትመኑ፣ ብዙ መሣሪያ ፒንግን ይዘጋል። በአርፒንግ ጠይቁት፤ እሱን ዝም የሚል የለም ማለት ይቻላል።

ሰዓቱን ያስገባሁት በምክንያት ነው። ባትሪ የሌለው ትንሽ ሳጥን መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ያን ጊዜ ሰርተፊኬቶች ሁሉ «ገና አልጸኑም» ይባላሉ፣ የስም መልሶችን በፊርማ የሚያረጋግጠውን ዲኤንኤስሴክ ካበራችሁ ስም መፍታትም ይቆማል። ሰዓት ለማስተካከል ደግሞ የሰዓት ሰርቨሩን ስም መፍታት ያስፈልጋል። ዙሪያውን ለመስበር የመጨረሻውን ሰዓት በየጊዜው ዲስክ ላይ ጻፉ፣ አንድ የሰዓት ሰርቨርም በቁጥር አድራሻ መዝግቡ።

መልእክቱን ስትጽፉ የሆነውን፣ ቀጥሎ የሚደረገውንና ካልሆነ ማን ጋ እንደሚደወል አስገቡ። «ኬብሉ ተሰክቷል፤ ሞደሙ ግን አድራሻ አልሰጠም። ሞደሙን አጥፍተው ከ1 ደቂቃ በኋላ ያብሩት። አሁንም ካልሠራ ችግሩ ከዚህ ሳጥን አይደለም፤ አቅራቢዎ ጋ ይደውሉ።» ተጠቃሚዎቻችሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሆኑ የኢትዮ ቴሌኮምን 994 እዚያው ጻፉላቸው። ሰው ደውሎ «ሳጥኑ እንዲህ ይላል» ብሎ ሊያነብ እንዲችል እያንዳንዱ መልእክት አጭር ቁጥር ይኑረው።

ደረጃ 9፦ ምትክና መመለሻ

ቅንብሩ አንድ ፋይል ስለሆነ ማስቀመጥ ቀላል ነው። አንድ ቁልፍ ወደ ፍላሽ ይጻፈው። ሌላ ሳጥን ሲገዛ ፍላሹን ሰክቶ ማስነሳት ይብቃ፤ የቀዳዳው ማክ ስለሚለያይ ግን ደረጃ 3ን ብቻ እንደገና ይጠይቅ። ፋይሉ ውስጥ የመስመሩ ፓስወርድና የዋየርጋርድ ቁልፎች ስላሉ በፓስወርድ ይታሸግ።

ወደ ፋብሪካ ሁኔታ መመለሻው በጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ይኑር፣ ሳጥኑ ቁልፍ ካለው ደግሞ ለ10 ሰከንድ በመጫን። ከማጥፋቱ በፊት አሮጌውን ቅንብር በሌላ ስም ያስቀምጥ።

ደረጃ 10፦ መጀመሪያ በማሽን፣ ከዚያ በሰው ፈትኑ

ከርነሉ ውስጥ የኔትወርክ ኔምስፔስ አለ፤ አንዱን ማሽን የየራሳቸው ኔትወርክ ባላቸው ክፍሎች ይከፍላል። በአንድ ላፕቶፕ ላይ «ውጭ»፣ «ሳጥን»፣ «ውስጥ» እና «እንግዳ» የሚባሉ አራት ክፍሎች ፍጠሩና ቬዝ በሚባሉ ምናባዊ ኬብሎች አገናኟቸው። ከውጭ ወደ ማዋቀሪያው መግባት መክሸፉን፣ ከእንግዳ ወደ ውስጥ መድረስ መክሸፉን፣ ከውስጥ ወደ ውጭ መሳካቱን ስክሪፕት ይፈትሽ። ኮዱን በነካችሁ ቁጥር አስኬዱት። የኃይል ገመዱንም «ተግብር» ተብሎ በተጫነበት ቅጽበት ደጋግማችሁ ንቀሉ።

ከዚያ ሊኑክስ የማያውቅ ሰው ጥሩ። ሳጥኑን፣ ኬብሎቹንና አንድ ገጽ ወረቀት ስጡት። እናንተ አጠገቡ ተቀምጣችሁ አንድ ቃል አትተንፍሱ። እጁ የት እንደሚቆም እዩ። «ይሄ ምንድነው?» ሲል ጥያቄውን በራሱ ቃል ጻፉት፤ ብዙ ጊዜ ስክሪኑ ላይ መሆን የነበረበት ቃል ያው እሱ የተጠቀመበት ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ቦታ ላይ ከቆሙ ሦስተኛ አትጥሩ፤ ያንን ገጽ አስተካክሉና ቀጥሉ። አንድ ሰው ያለ እናንተ እርዳታ ከኬብል መንቀል እስከ ማረጋገጫው ሲደርስ የመጀመሪያውን ሳጥን ክሊኒኩ ውስጥ ግጠሙ።